ውርጭ ላይ የጻፍኩት

ዊኒፔግ፣ ጥር ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ማሞቂያው ጠፋና ብርድ ቀሰቀሰኝ።
ግድግዳው ላይ ያለች ያቺ ክብ መስታወት፣
ኤልሻዳይ ለገና ገዝታ የሰቀለቻት፣
"አባ፣ ብልህ ናት" ብላ ቤቱን ያስረከበቻት፣
ሌሊት ራሷን አድሳ ረሳችኝ፤ በጽሑፍ፦
"የይለፍ ቃል አምጣ።" ከሌለህማ እለፍ።

የድሮው ማሞቂያ አንድ እርግጫ ሲቀምስ
ተነስቶ ይሄድ ነበር እንደ ልግመኛ ፈረስ።
ይቺን ማን ይረግጣል? ጨዋ ናት፣ ትሑት፤
"እንደገና ሞክር" እያለች የምትገድል በብርድ ሌሊት።

በፊት ስሜን ሞከርኩ። ጸዳሉ ነው ስሜ፤
በላቲን ሲጻፍ ግን ሦስት ነኝ በቁሜ፦
ፓስፖርቴ ላይ በ"ቲ"፣ ባንክ ቤት በ"ኤስ" ገባሁ፣
ሐኪም ቤት በ"ዜድ" ሆኜ ደሜን ተቀዳሁ።
ሦስቱንም ላክኋቸው፣ ልጅ ስጡን እንዲሉ፤
አንገት ደፍተው መጡ ሽማግሌዎቹ ሁሉ።

"ትልቅ ፊደል ጨምር፣ ትንሽም" ይላል ሕጉ።
ትልቅ ትንሽ ፊደል! እኛ ቤት ፊደሉ
ሹመት መች ያውቅና፤ እኩል ነው በሙሉ።
ሦስት ዓይነት "ሀ" አለን፣ ማንም ማንን አያዝ፤
እዚህ ግን ያለ አለቃ ቃልም አይጓዝ።

የተወለድክበትን ምረጥ አለኝ ደግሞ፤
አሥራ ሁለት ወር አየሁ ተሰልፎ ቆሞ።
እኔ የጳጉሜ ነኝ። አሥራ ሦስተኛዋ
ከደጅ ነው የቀረች፤ ምን ይሆን ጥፋቷ?

ያኔ ትዝ አለኝ፦ ወረቀት ነበረኝ፣
ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከአተሩ ከረጢት ሥር።
በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ በረዶ እንደለበሰ፦
"የዚያ ሰውዬ ውሻ፣ የሰማንያ ሁለቱ፣
ተገልብጦ፣ ሲቀነስ አንድ፣ ከዚያ ምልክቱ።"
የቱ ሰውዬ? ምን ውሻ? ምልክቱስ የቱ?
ሌባ እንዳይፈታው ቅኔ አድርጌው ነበር፤
ሰሙ እጄ ላይ ቀርቷል፤ ወርቁን ማን ይናገር?
ሌባውም አልመጣ፤ እኔ ግን ሌባ ሆንሁ፣
የገዛ ቤቴን ደጅ ስነካካ አደርሁ።

"ሮቦት አይደለሁም በል" አለችኝ ቀጥላ፣
ዘጠኝ ሥዕል ዘርግታ፣ መብራቱን ለይ ብላ።
ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ነድቼ፣
በፖርቴጅ ጎዳና በቀይ ቆሜ፣ በአረንጓዴ ተነስቼ፣
መብራት አታውቅም ተባልኩ፣ ምሰሶውን ትቼ!

ለልጄ ደወልኩላት። ሃሊፋክስ፣ ከሥራ ላይ፣
የታማሚ ደወል ይሰማኛል ከወዲያ።
"አባ፣ ስንት ዲግሪ ነው?"
"አሥራ አንድ።"
ዝም አለች። ሳቋን እየዋጠች ይመስለኛል።
ስድስት ቁጥር ላከችልኝ፤ በሩ ገርበብ አለ፣
"አዲስ ቃል ፍጠር" ብሎ እግሬን ከለከለ።

ድንገት ከጣቴ ጫፍ አንድ ቃል ብቅ አለ፣
ጻፍኩት፣ ላክሁት።
"ይሄ አይሆንም" አለችኝ፤ "የድሮው ቃልህ ነው።"
አንቺ ሴትዮ!
የድሮው ቃሌ ከሆነ፣ እኔ እኔ ነኛ!
ይህን የሚያውቅ ማነው፣ ከኔ በቀር ሌላ?
አልሰማችኝም። ሕግ ነው።

ሌላ ቃል ሠራሁ፣ ግማሹ እርግማን፣
ግማሹ ስድብ፣ መጨረሻው ላይ ኮከብ፣
አሥራ ስድስት ፊደል። አረንጓዴ አበራች።
እስክሪብቶ ብፈልግ ቀለሙ ረግቷል፤
መስኮቱን ወፍራም ውርጭ ከውስጥ ለብሶታል፤
በሌባ ጣቴ ጻፍኩት፣ በትልልቁ፣
ኮከቡንም ሳልረሳ፣ እስኪደነዝዝ ጥፍሬ።

ሃያ ሁለት ዲግሪ። ምድር ቤት አጉረመረመ፣
እግሬ ነፍስ ዘራና በደስታ ታመመ፣
ተኛሁ።

ጠዋት ፀሐይ ገብታለች። መስኮቱ ጥርት ብሎ
ጎረቤቴ በረዶ ሲዝቅ ያሳየኛል፤
እጁን አነሳልኝ፤ እጄን አነሳሁለት።
ከመስታወቱ ጠርዝ አንዲት ጠብታ ብቻ
ቁልቁል ትወርዳለች፣ ምናልባት ኮከቡ ናት።

እስከ ግንቦት ድረስ፣ እንግዳም ይምጣ ዘመድ፣
ያቺን ክብ መስታወት የሚነካት እንዳይኖር።