አዌቱ ባሕር አይገባም

ሂርማታ ገበያ፣ ከበርጩማው ተራ፣
ነጂብ አባ ፎጊ የጦር መርከብ ሠራ።
ጎረቤቱ ሁሉ ባለ ሦስት እግር ሲያቆም፣
የሱ ሥራ እግር የለው፤ ይንጋደዳል ሁሌም።
ሐምሌ ቆርቆሮውን ከበሮ ሲያረገው፣
“ማዕበል ነው” ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

እኔ ብርጭቆ ወረቀት የያዝኩ ተለማማጅ፣
ባሕር ያላየሁኝ፣ የአዌቱ ማዶ ልጅ፣
ዋንዛውን ሳለሰልስ፣ ስሞርደው ጎኑን፣
አወቅሁ የመርከቡን ዘር፣ አገርና ዘመኑን።

ያ ረዥሙ የቱርክ ነው፤ ሸራ ሲከዳው ነፋስ፣
በሰው ክንድ የሚሄድ፣ በሰንሰለት እስትንፋስ።
መቅዘፊያውን ስቆጥር “ቁጥሩን ተው” አለና፣
“ካንዱ መቅዘፊያ ሥር አራት ሰው አለና።”
ሆደ ሰፊው የፖርቱጋል፤ ከሸራው ላይ መስቀል፣
ከመስቀሉ በታች መድፍ አፉን ከፍቷል።
የጣልያኑ ጥቁር፣ ከሰል እየበላ፣
ጭሱ ቀድሞት ይመጣል፣ እሱ ኋላ ኋላ።
የእንግሊዙ ደግሞ ብረት ለብሶ ከብዶ፣
ለመተኮስ ያዛጋል ከአድማስ ወዲያ ማዶ።
የሩስያው ፈጣን ነው፤ አራት ሣጥን አዝሎ፣
ይበራል እንደ ተርብ ውኃ ላይ ተንጠልጥሎ።

“ባሕር ራሱስ ምን ይመስላል?” ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።
“ጨው የበዛበት ወጥ” አለኝ።
“ማንም አያስተካክለውም።”

ነጂብ ተኳሽ አልነበረ፤ መኮንንም አይደለ፤
ባሕር ኃይል ቤት፣ ከወለል ሥር፣ ወጥ ሲያማስል ነው የዋለ።
ለዚህ ነው ሁልጊዜ ጠረባው ሲጀመር፣
ጥፍር የምታህል ጓዳ ከሆዱ ውስጥ ሲያኖር፤
ከዚያ ነው ወለሉ፣ ከዚያ ነው ምሰሶው፤
መድፉ መጨረሻ፤ አንዳንዴም ይረሳው።
ደንበኛ “መድፍ የለውም” ብሎ ዋጋ ሲቀንስ፣
“ራት ላይ ናቸው” ይላል፤ “ቆይ፣ ሰዉ በልቶ ይመለስ።”

በሰማንያ ሦስት ግንቦት፣ ከአሰብ ሲወጡ በሌሊት፣
ስልሳ ሰው የሚበላው ምስር ነበር በድስት።
ሲነሱ ባለ አገር፤ ምስሩ ሲበስል ግን፣
አንዱም አላወቀም የማን ባሕር ኃይል እንደሆን።
የመን ላይ መልሕቅ ጣሉ፤ መርከቡ ዛገ ቆሞ፤
ብረቱ በኪሎ ተሸጠ፤
እሱ ጭልፋ ይዞ ጅማ ገባ ከርሞ።
ጭልፋው ከሱቁ ግድግዳ በሚስማር ተሰቅሏል፤
ቁጥር አለው እጀታው ላይ፤ አፉ ግን ተበልቷል።

ትናንት አንድ ተማሪ ስልኩን ከፍቶ መጣ፤
ጀርባዋ ሜዳ የሆነ፣ አውሮፕላን የምታወጣ፣
“ይቺን ሥራልኝ” አለ፣ “ትልቋን መርከብ” ብሎ።
ነጂብ መነጽሩን ጠረገ፤ አያት አስተውሎ።
“ስንት ሰው ይበላባታል?” “አምስት ሺህ” አለው ልጁ።
ዝም አለ። መሮው ወደቀ። ተንቀጠቀጠ እጁ።
“አምስት ሺህ...” አለ ቀስ ብሎ፣
“ሽንኩርቱንስ ማን ይልጠዋል?”

ማታ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከድልድዩ ሥር ወረድን፣
ያለ መድፍ የቀረችውን፣ ትንሿን መርከብ ይዘን።
ጭልፋውንም ነቀለው ከሚስማሩ፤
ለምን እንደሆን አልነገረኝም።
“ይሄ ውኃ የት ይደርሳል?” አልኩት። ጣቱን ዘረጋ፦
“ጊቤን ያገኛል፣ ከዚያ ኦሞን፤ ቱርካና ላይ ሲረጋ፣
አንዲት ጠብታ ባሕር አይገባም፤ ፀሐይ ትጠጣዋለች፤
ከጅማ የተነሣች መርከብ የማንን ወደብ ትመታለች?”

ለቀቃት። ጥቂት ሄደች፤ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ተጋጭታ፣
ጓዳዋ ውኃ ሞላና ቀረች ከጎኗ ተኝታ።
ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ፤ ውኃው ከጉልበቱ ደረሰ፤
በጭልፋው ጨልፎ አወጣት፤ የጠጣችውን አፈሰሰ፤
“ሰው አልተጎዳም” አለኝ፤ “ራቱ ብቻ ነው የራሰ።”