በቦይለሩ ሆድ ላይ

ውሉን ፈርሜ፣ አሻራዬን አትሜ፣
የዐሥራ ሰባት ዓመት እቁብ አውጥቼ፣ የባንክ ዕዳ ተሸክሜ፣
ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ ካለው አሮጌ ፎቅ ገባሁ፤
ሦስተኛ ደርብ። "የኔ" ብዬ ግድግዳውን ነካሁ።
ሻጯ የሟቹ ልጅ ነች። ቆጣሪውን አሳየችኝ፤
የሚያቃስተውን በር፣ የማይገጥመውን መስኮት አስተዋወቀችኝ፤
ከመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ቆመች።
"ቦይለሩ የአባዬ ነው" አለች፣
የቀረው ቤት የሌላ ሰው የነበረ ይመስል።

የመጀመሪያው ሌሊት፦ ቋ… ቋ… ቋ።
ተነሣሁ። ዱላ ብፈልግ መጥረጊያ አገኘሁ፤
ሌባ ቢሆን በመጥረጊያው፣ ሙት ቢሆን በስመአብ ብዬ ገባሁ።
ማንም የለም።
ከኮርኒሱ ሥር የተሰቀለ ጋን ብቻ፣ ሰማንያ ሊትር፣
እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ሲያጉረመርም፣ ሲማረር፣
ከብብቱ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

"አጥፊው እንጂ!" አሉኝ ጎረቤቴ፣ እትዬ ወደርየለሽ፤
"የኔን ካጠፋሁት ሦስተኛ ክረምቴ፤ በድስት አፍልቶ፣ በጣሳ ጨልፎ መታጠብ እያለልሽ።"
ባለቤትነት ግን ክፉ አመል ነው።
ተከራይ ሳለሁ የሚንጠባጠበው ሁሉ የአከራይ ነበር፤
አሁን ጠብታውን በቁጥር፣
አንድ በአንድ ወደ ብር ስመነዝር አድራለሁ።

ሽኩርን ሰው በሰው አገኘሁት። ቅዳሜ መጣ፤
ከማዳበሪያ ከረጢቱ ኪያቤ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ አወጣ፣
ለጎሚኒ የሚሆን የካላማዳሪ ቁራጭም አልታጣ።
"መጀመሪያ ብሬከሩን አውርጂ" አለ፤
"ውሃና ኮረንቲ ሲጋቡ ሟቹ ሚዜው ነው።"
አወረድኩት። ሚዜነት አልፈለግሁም።

ከዚያ ሆዱን ከፈተው።
አንድ ባልዲ ቡናማ ውሃ፣ ሁለተኛው ጭቃ፣
ሦስተኛው ሽንብራ የሚያህል የኖራ ጠጠር፤ ባልዲው ውስጥ ቋ፣ ቋ።
"ይኸው ሌባሽ" አለ፣ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ፤
ቀጥሎ አንድ ዘንግ መዘዘ፣ እንደ ጥዋፍ አልቆ፣ መንምኖ።
"ማግኒዥየም ነው። ዝገት እንዲበላው ነው የሚከቱት፤
እሱን ሲቆረጥም ጋኑን ይረሳዋል። ሲያልቅ ካልተኩለት…"
አልጨረሰውም። ዓይኑ ከጋኑ ጎን ላይ ቀረ።

አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት።
በኮፒያ እርሳስ፣ ጥንቅቅ ባለ የእጅ ጽሕፈት፦

ኅዳር 12፣ 89። ሲታጠን፣ ታጠበ።
ኅዳር 12፣ 90። ታጠበ።
ኅዳር 12፣ 94። ዘንግ ተቀየረ። ወለሉ ጎረፈ፤ ትርንጎ ተቆጣች።
ኅዳር 12፣ 2001። ታጠበ። የሚቆጣ የለም።
ኅዳር 12፣ 2010። እጄ ተንቀጠቀጠ። ታጠበ።
ኅዳር 12።

ዓመት የለው፤ ግስ የለው።
ለካ ከተማው ጉድፉን በየደጁ ሲያጤስ፣
እሳቸው እዚህ ተንበርክከው፣ በባልዲ ኖራ ሲፈስ።

ሽኩር ዘንጉን ተካ፣ ጎሚኒውን ቆርጦ ገጠመ፣ ሂሳቡን ተቀበለ፤
"ውሃ ሳይሞላ እንዳታበሪው፣ ደረቅ ሆዱ ይቃጠላል" አለ።
የውሃ ተራችን ደግሞ ሐሙስ ሌሊት ነው።

ሐሙስ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ጋቢዬን ደርቤ ሩቢኔቶው ፊት ተቀመጥኩ።
መጀመሪያ አስነጠሰ፣ አየር ተፋ፣ ሳለ፤
ቆይቶ አንድ ወፍራም ክር ሆኖ ያለ ድምፅ ወረደ።
ያን ጊዜ ብሬከሩን ሰቀልኩ።
ጆሮዬን ከቆርቆሮው አስጠጋሁ። ምንም።
ሲያንኳኳ የነሳኝን እንቅልፍ፣ ዝም ብሎም ነሳኝ።

ኮፒያ እርሳስ ከየት ይምጣ? በእስክሪብቶ፣
ከባዶዋ ኅዳር ሥር ጻፍኩ፦
ሰኔ 5። ታጠበ። ዘገየሁ።

ሲነጋ፦ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።
ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። የደጁ በር ነው ለካ።
እትዬ ወደርየለሽ፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው፦
"እስቲ የዚያን ልጅ ስልክ…"