ፊት የሌለው አገር

አባቴ ሙሜ አናጢ ነበር፣ ከባቡር ጥገና ጡረታ የወጣ፤
ኦትማር የሚሉት ጀርመን ሠዓሊ፣ ከከዚራ በእግሩ እኛ ቤት መጣ።
ሜዳ ነው አሉ የተወለደበት፣ ሰማዩ ዝቅ ያለ፣ ጭቃና ዝናብ፤
ከጅቡቲ ገባ ለአንድ ሳምንት ብሎ፣ ተራራ ቢያይ ጊዜ ተረሳው ወደብ።
በአራት ጣቶቹ ማዕዘን ሠርቶ፣ "ፍሬም" አለው፣ ያኔ ሌላ አልቻለም ቋንቋ፤
አባቴም እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ፣ አሰመረለት በዋንዛ ሳንቃ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
እሱ ሲስል ተራራ፣
አባቴ ለተራራ መቃን ሲሠራ።

ደንጋጎን ሳለው ጉም እንደ ለበሰ፣ ጠመዝማዛውን በማለዳ፤
ደቻቱን ሳለው፣ አሸዋውን ብቻ፣ ውሃ የረሳውን ሜዳ፤
የሐዲዱን ዝገት፣ የቀትሩን ሰማይ፣ ኖራ የመሰለ ንጣቱን፤
የግራሩን እሾህ አንድ በአንድ ሳለው፤
ከሥሩ የተኛው ሰውዬ ቀርቶ፣ አስቀመጠለት ጫቱን።
ቀፊራን ሲስል እንኳን፣ ገበያው በደራበት ቅዳሜ፣
ዳስ ነበር፣ ጥላ ነበር፣ የቲማቲም ክምር።
"ሻጮቹስ?" አለው ሙሜ።
"ሰው አንድ ቦታ አይቆምም፣ ይንቀሳቀሳል።"
"ታዲያ ጉሙስ" አለ አባቴ፣ "የት ይቀመጣል?"

አንድ ቀን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ የተሰነጠቀ እንጨት ይዞ ገባ፤
ጭንብል ነው፤ የሴት ፊት፣ ጉንጯ ላይ ሦስት ጭረት፣ አገሯ ዮሩባ።
"ሌጎስ ሳለሁ፣ ጎረምሳ ሆኜ፣ ከአንድ ጠራቢ ነው የገዛኋት፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሄድኩበት ምስማር ላይ ሰቀልኋት።
የድሬ ፀሐይ ግንባሯን ከፈለው።
ትደፍናታለህ?" አለው።

አባቴ መልኳን አላየም መጀመሪያ።
ገለበጣት። እጁን ከተተ፣
ባዶውን ዳብሶ ጣቱን አሸተተ።
"ይቺ ፊት ላይ አትጠለቅም" አለ፤ "አናት ላይ ናት፣ እንደ ቆብ።
እዚህ ጋ ለስልሳለች፣
የሰው ላብ ጠጥታለች።
ጠራቢው ግራኝ ነው፣ የመሮውን ፈለግ እየው፤
እንጨቱ ሳይደርቅ ነው የጀመረው፤
ቸኩሏል፤ በዓል ደርሶበታል።
ስሙ ማን ይባላል?"

ኦትማር የዚህን አገር ጉብታ ሁሉ በስሙ ይጠራል፣
ሐረር መንገድ ላይ ስንት ኩርባ እንዳለ ይቆጥራል።
የጠራቢውን ስም ግን አልጠየቀም።
ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ለማንም ሳይሆን ተናገረ፦
"ለእናቶች ነው የሚጨፈረው።
ወንድ ነው የሚለብሳት፣ በሴት ቀሚስ፣ ከበሮው ሲመታ።
አንድ ጊዜ አየሁ።
የሳልኩት ግን ከጭፈራው ጀርባ የነበረውን ኮረብታ።"

አባቴ ስንጥቁን በዋንዛ ፍላጭ ሞልቶ በኮላ አጣበቀ፤
"ቀለም ይቀባ" ሲለው፣ "ጠባሳ ይታያል" አለና ሳቀ።

ኦትማር የሞተው በግንቦት ነው፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት።
ከአገሩ የመጣች የእህቱ ልጅ ሥዕሉን በሳጥን አሸገች፤
ጭንብሏንና አንድ ያላለቀ ሸራ ለእኛ ተወች።
ሸራው የአባቴ ሥራ ቤት ነው፦ መጋዙ፣ ፍቅፋቂው፣ በሩ፣
ከበሩ ማዶ ተራራ።
ከጠረጴዛው አጠገብ ግን ቀለም ያልነካው ባዶ አለ፣
ጎንበስ ባለ ሰው ልክ የተከለለ።
ሊሞላው ነበር? ወይስ ያ ባዶ ነው ሥዕሉ?
እኔ አላውቅም። አባቴም አልነገረኝም።
መቃን ብቻ አበጀለት፣ ከሠራው ሁሉ
ያማረውን፣ ከወይራ።

ጭንብሏን ግን ምስማር ላይ አልሰቀላትም።
ልጄ ኢፍቱ አናቷ ላይ ደፍታት፣ ሰፍታት፣ በሁለት እጇ ይዛ፣
ፍቅፋቂው ላይ ትዞራለች፣ የጎረቤት ባጃጅ ሬዲዮ ሲጮህ፣
ላቧ በጆሮዋ ሥር ወርዶ።
አባቴ ያያታል፣ በደከመ ዓይኑ፣
ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ።