የአራሷ ገጽ

በአራት ጉማጅ እንጨት አልጋዬ ከፍ አለ፣
ውስጤ ግን ከታች ነው፣ ገና አልተከተለ።
ሂስከ ናት ያዘዘች፣ የአራስ ቤት ነርሷ፣
"ጎንበስ ቀና ስል እንዳይሰበር" ብላ፣ ስለ ወገቧ፣ ስለ ራሷ።
በሃርሊንገን ወደብ፣ በኅዳር ንፋስ፣
በብስክሌት መጣች፤ ጓንቷን አራገፈች ወለሉ እስኪርስ።

ደብተር አላት፣ ባለ ሁለት ገጽ።
በቀኙ የልጄ ነው፦ ስንቴ እንደ ጠባ፣ ሙቀቱ፣ ክብደቱ በግራም፤
በግራው የእናት ነው፤ ባዶ። ማንም አልጻፈበት፣ እኔም።

ጎረቤት ይመጣል። ዳወ ደረቅ ዳቦ ቅቤ ይቀባል፣
ሰማያዊ የእንስላል ከረሜላ ይነሰንስበታል፤
ወንድ ሲወለድ እንዲህ ነው ወጉ።
እየቆረጠሙ፣ "አፍንጫው የአያቱ" እያሉ ሲያወጉ
ፍርፋሪው ይረግፋል እጥፋቱ ላይ፣ በብርድ ልብሴ፤
"ደስ ይበልሽ" ይሉኛል። ደስታው መንገድ ላይ ነው መሰል፣ አልደረሰም ወደ ራሴ።

በሦስተኛው ሌሊት ወተቱ ወረደ፤ ጡቴ እንደ ድንጋይ፣
ዕንባም ተከተለው፣ ማን እንደ ላከው ሳላይ።
ዬልመር ያለቅሳል፣ እኔም አለቅሳለሁ፤ ማን ማንን እንደ ወለደ
ግራ እስኪገባን ድረስ ሌሊቱ ነጎደ።

ጠዋት ሂስከ ገባች። ልጁን አላየችም።
ደብተሯን አልገለጠችም።
አልጋው ጠርዝ ላይ ወጣች፤ እግሯ ተንጠለጠለ እንደ ሕፃን።
"እሱስ ደኅና ነው፣ ከዚህ ይሰማኛል። አንቺስ?" አለች።
አንቺስ!
እኔና ይህ ቃል ስንት ቀን ሆነን ከተጣጣን?

ነገርኳት። ስፌቱ እንደሚያቃጥል፣ ሽንት ቤት መሄድ እንደ ፈራሁ፣
ዳወ ሲስቅ እንደምናደድ፣
ልጄን እያየሁ "የማን ነው?" እያልሁ እንደ ቆየሁ፣
ደግሞ ሲተኛ እንዳይሞትብኝ ትንፋሹን እየቆጠርሁ እንደማድር።
አልደነገጠችም። ጻፈችው፤
በግራው ገጽ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር።

ከዚያ በሩን ዘጋች። ደወሉን ነቀለች።
ለዳወ ልጁን ሰጥታ "ሸሚዝህን አውልቅ፣ ደረትህ ላይ አድርገው" አለች።
ለእኔ ለብ ያለ ውኃ በጆግ፦ "ስትሸኚ ከላይ አፍስሺው፣ ቁስሉን ያበርዳል፤
ከዚያ ተኚ። ሁለት ሰዓት ሳታይው፣ ዓለም ደኅና ይውላል።"

አራስ የሚባለው ቃል ራስን ይዟል በሆዱ፤
እኔ ልጅ ስወልድ ነው መሰል፣ ራሴ የጠፋው በመንገዱ።
ተኛሁ።

በስምንተኛው ቀን እንጨቶቹ ተነሡ፣ አልጋው ወረደ፣ እግሬ ወለል ነካ፤
ሂስከ ወደ ሌላ አራስ ሄደች፣ የብስክሌቷን ደወል አንዴ አንኳክታ፣ ለካ
ደብተሩን ትታልኛለች።

ዛሬ ዘጠነኛው ነው። ንፋሱ አለ። ልጁ ጠብቶ ተኝቷል፤ አልሠጋም አልልም።
የቀኙን ገጽ ሞላሁ፣ በሰዓት፣ በግራም።
በግራው ብዙ ቆየሁ፤ እጄ ሲጽፍ፣ ሲሰርዝ፣
በመጨረሻ አንድ መስመር፦
"ሻይ ጠጣሁ። ሳይቀዘቅዝ።"