ልክ ነው

ሠራተኛ ሰፈር፣ ከድልድዩ በላይ፣
«ቶርኖና ብየዳ» ይላል በሩ ላይ፤
ቶርኖው ተሸጧል፣ ብየዳውም የለም፣
ጽሑፉ ግን አለ፣ የደለዘው የለም።
ከውስጥ ጋሽ እንግዳወርቅ፣ ባንዲት አምፖል ሥር፣
ከዒላማው ክበብ በጆንያ የመጣ
ባዶ ቀለሃ ሲያጥብ፣ ጥቀርሻውን ሲያወጣ።
ፈቃዱ በመስታወት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤
ማኅተሙ ከዓይኑ ጋር አብሮ ደብዝዟል።

ሃያ እንድሠራ ሰጠኝ ለቅዳሜ ተኩስ፤
ባሩዱን በሚዛን ሰፈርኩ ቀስ በቀስ፤
አረሩን ቀለሃው አፍ ላይ አቁሜ
እጀታውን ሳብኩ፣ ሳብኩ፣ እስኪዝል አቅሜ።
በሳንቃ ደርድሬ ቆመው ባያቸው
ሁሉም ልክ መሰሉኝ።

እሱ ሞራ የወረደበት ዓይኑን ጨፍኖ
ባውራ ጣቱ እየዳሰሰ ሄደ፤
አሥራ አራተኛዋ ላይ ቆመ።
«ይቺ ረዝማለች።»
«በስንት?»
«በችኮላሽ።»

ካሊብሮ አመጣሁ። የሁለት ፀጉር ውፍረት ታህላለች።
«በይ ሁሉንም ፍቺው» አለኝ።

ዳዶውን አላላሁ፤ መሃል ቪቲዋን ወደ ላይ መለስኩ፤
ዳዩ አፍ እንዳይነክስ ግማሽ ዙር ለቀቅኩ።
እሱ ከመሳቢያው አብነቷን አወጣ፦
ሃያ ሁለት ዓመት በጨርቅ ተጠቅልላ የኖረች፣
ባሩድ ያልቀመሰች፣ ካፕሱል የሌላት፣
ፍንዳታ የማታውቅ፣ ልክ ብቻ ያላት።

«አስቀምጫት። ከፍ አርጊያት። አሁን ቪቲዋን አውርጂ፤
እንዳትጫናት፣ እስክትነካት ብቻ።
ነካች?»
«ነካች።»
«በምን አወቅሽ?»
ዝም አልኩ። ያወቀው ጣቴ ነው፤ ጣት ደግሞ አፍ የለውም።

«ጫፉን አትለኪ፣ ጫፍ ውሸታም ነው፤
የሚሾለው ሁሌም እንዳጋጠመው ነው።
ትከሻው ግን ያው ነው። ስትገፊው ስታስገቢ
ቪቲዋ ትከሻው ላይ ትረፍ፤ ከዚያ ለኪ፣ መዝግቢ።
ሰውም ቢሆን ስንዱ...»
ብሎ ሳል ያዘው። የሰውን ነገር ሳይጨርስ ቀረ።

ሩብ ዙር። ሳብ። ለካ።
የሩብ ሩብ። ሳብ። ለካ።
የጊዮርጊስ ደወል ተሰማ፤ ቀና አላልንም።
ቪቲዋ አብራ እንዳትዞር በካቻቪቴ ይዤ
ዳዶውን በመፍቻ ቆለፍኩ።
አሥራ አራተኛዋን መልሼ አስገባኋት፤
ትንሽ ሰመጠች። ካሊብሮው ሐሜቱን አቆመ።

ሰኞ ዕለት ዒላማውን ወረቀት አመጡለት፤
ቀዳዳዎቹን አንድ ስሙኒ ይሸፍናቸው ነበር።
ዳሰሰና «አንዷ ወጥታለች» አለ።
«ንፋስ ነው» አልኩት።
«ንፋስም ይለካል።»

ክረምቱ ሲያልቅ በሩ ላይ ቀይ ኤክስ ተቀባ።
ልጆች መጡ፣ ሰደርያ ለብሰው፣ ሜትር ዘረጉ፤
አንዱ «ስድስት ምናምን» ብሎ ጻፈ።
ጋሽ እንግዳወርቅ ከወንበሩ ሳይነሳ
«ምናምን ስንት ነው?» አለው።
ልጁ ሜትሩን ጠቀለለ።

ፕሬሷን ክበቡ ወሰደ። እሱን የእህቱ ልጅ
ገላን ወሰደችው፣ አራተኛ ፎቅ፤
ደረጃውን በቁጥር አውቆታል አሉ።

እኔ ስታዲየም ጋ መነፅር ቤት ገባሁ።
የሕንፃው ፈታሽ ትናንት ጠዋት
ቦርሳዬ ውስጥ እጇን ሰዳ ደነገጠች።
«ጥይት?!»
«አይደለም» አልኳት፣ «ልክ ነው።»
«ምኑ ነው ልክ?»
ከኋላዬ ወረፋው ያጉረመርማል።
ባዶ ቂጧን አሳየኋት፤
በጆሮዋ ሥር ነቀነቅኩላት፣ ድምፅ የላትም።
ተቀብላኝ በመዳፏ ይዛት ቆየች፤
ለኃላፊዋ ልትጠራ አፏን ከፍታ
አውራ ጣቷን ሳታስበው
አረሩ ትከሻ ላይ አሳረፈች፤
ጫፉ ላይ አይደለም።