ያልቀመስኩት

ጣቴ ነው የሰከረው፣ ከንፈሬ አልነካውም፤
ሃያ ሁለት ዓመት ጻፍኩት፣ ጣዕሙን ግን አላውቀውም።
እናቴ፣ «ከሐራም ቤት ምን አለሽ?» ብትለኝ፣
«የነካኝ ቀለም ብቻ ነው፣ ሳሙና የሚያስለቅቅልኝ።»

ከዚራ ነው ክፍላችን፣ ከኒሙ ዛፍ ትይዩ፣
ባቡር ሲመጣ ብርጭቆዎቹ ተንቀጥቅጠው የሚለዩ።
ጋሽ ኩራባቸው ያሸታል። ዓይኑን ይጨፍናል።
ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ።
ዝም ይላል። ዝም እላለሁ።
አንዳንዴ ዝምታው ከጠርሙሱ ይረዝማል።

ከዚያ፦ «ጻፊ ረምላ፤
ይህ የሮቃ ጭማቂ ነው፣ ከስኳር የተጣላ፤
ይህኛው የደቻቱ አሸዋ፣ ማታ ዝናብ የነካው፤
ያኛው ደግሞ ከባቡር የወረደ ነጋዴ ነው፣
ሽቶው ቀድሞት የሚገባ፣ ዕዳው ግን የማይወጣ።»
ከፈረንሳዮች መጽሐፍ የማናውቀው ፍሬ ሲመጣ
በእርሳሱ ይሰርዘዋል፦ «ይህን ማን ነክሶት ያውቃል?
በለስ በዪው፤ እሾኹ የወጋው ያነብና ይስቃል።»

የጀመረው በጣቢያው ቡፌ ነው፣ ሳህን ሲያነሳ፤
ጌቶች የተዉትን ቅሪት፣ አንዱን ካንዱ ሳይረሳ፣
በቲኬት ጀርባ እየጻፈ፣ በኪሱ እየሸጎጠ፤
ኋላ አስመጪው ሁሉ ፊቱ ተሽቆጠቆጠ።
«ጎምዝዟል» ካለ፣ ፉርጎው ወደ ጅቡቲ ይመለሳል፤
«ደህና ነው» ካለ፣ ባለቤቱ ለልጁ ድግስ ይደግሳል።

አንድ ቀን ሙሴ ስታቭሮ በላቡ ርሶ መጣ፤
«ከመቶ ስንት ትሰጠዋለህ? ቁጥር ስጠኝ፣ ቁጥር ይሸጣል!»
«ልጅህን ከመቶ ስንት?» አለው። ግሪኩ ዝም ብሎ ወጣ።
በማግስቱ አንድ ሣጥን ላከ። ሳይከፍት መለሰው።
ያን ሰሞን የቤት ኪራይ እንዳልከፈለ እኔ ነበርኩ የማውቀው።

እኔን አንድ ቀን እንኳ «ቅመሺ» አላለኝም።
ውሃ ነበር የሚያስሸተኝ፦ የጉድጓዱን፣ የሐረማያን፣ የቧንቧውን።
«ይህ ምን ይላል?»
«ምንም።»
«ውሸት ነው። ደግመሽ።»
እስኪገባኝ ድረስ፦ ኖራ። ጨው። የቆርቆሮ ዝገት።

ኋላ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ ወባው ጥሎት ሲነሳ፣
ዓረፍተ ነገሮቹ መንታ መውለድ ጀመሩ፤
ትናንት ሮቃ፣ ዛሬ ሮቃ፣ ነገም ሮቃ ነበሩ።
አንድ ጠዋት ላምባ በብርጭቆ ካጠገቡ አስቀመጥኩ።
አላወቀውም።
አወቅኩ።

ምንም አልተባባልንም። ከዚያ ወዲያ እሱ ይጠጣል፣
እኔ ፊቱን አነባለሁ፤
ቅንድቡ ወዴት እንደሄደ፣ ጉሮሮው የት እንደቆመ፣
ከሃያ ዓመት ቃሉ ቆንጥሬ በስሙ እጽፋለሁ።
«እንዲህ ነው ያልኩት?» ይላል። «እንዲህ ነው» እላለሁ።

አንባቢ አልነቃም። ደብዳቤ መጣ፣ ከናዝሬት የተጻፈ፦
«እንደ ወይኑ ነዎት፤ ቃልዎ ሲከርም አደገ፣ ገዘፈ።»
አነበበው፤ አጣጠፈው፤ «ወይኔ» አለ፣ በቀስታ።
የትኛውን «ወይኔ» እንዳለ፣ ጠርሙሱን ወይስ ራሱን፣
ልጠይቅ ስል ባቡር ገባ፤ የብርጭቆዎቹ ጫጫታ።

የመጨረሻውን ጽሑፍ ግን ራሱ ነው ያስጻፈኝ፣
የቧንቧ ውሃ በብርጭቆ ይዞ፣ ወደ ብርሃን እያሳየኝ፦
«የድሬ ውሃ። ዕድሜው አይታወቅም። ከኖራ ድንጋይ የተጠመቀ።
ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ እኛም ውስጥ ሳይተው አይቀርም።
ከየትኛውም ምግብ ጋር አይስማማም። ከሁሉም ጋር ይጠጣል።»

አራት ነጥብ መታሁ።
ከስሙ ሥር፣ ጠጋ አድርጌ፣ የራሴን ስም መታሁ።
ወረቀቱን ተቀበለኝ። አየው። ቆየ።
አልሰረዘውም።
እርሳሱ እጁ ላይ ነበረ።