ሹፌሩ፣ በቀብሩ ቀን

ጄኔራሉ ቆመው፣ ወረቀት ዘርግተው፣
የዛቬንን ዕድሜ በዓመት ቆርጠው በማዕረግ ሰፍተው፦
«በዚህ ዓመት ሻምበል፣ በዚያ ዓመት ሻለቃ፣
ከዚያም ኮሎኔል ሆነ፣ ጦርነቱ ሳያበቃ...»
የአራጋትስ ንፋስ ወረቀቱን ያዘ፣
አንዱን ገጽ ገለጠ፣ ሌላውን አወዛወዘ።

እኔ ሹፌሩ ነኝ። ከአበባው ጀርባ ነው ያለሁት፤
ስድስት ዓመት ሙሉ በኋላ መስታወት ያየሁት።

ከጦሩ በፊት መምህር ነበር፣ የጂኦግራፊ መምህራችን፤
«የት ነን?» ሲለን፣ ከሉሉ ላይ አገራችንን የሚያጣት ጣታችን።
ካርታ ማንበብ ቢችል፣ በዚያው አዛዥ ሆነ፤
ጠመንጃው የአጎቱ፣ ለተኩላ የተገዛ፣ አንድ ብሎኑ የባከነ።

ይህን አያነቡም፦ ውሻ ይፈራል።
ታንክ ያልነቀነቀው፣ ቡችላ ሲጮህ ከዋዟ በር ይመለሳል።
ጠመዝማዛ መንገድ ያቅለሸልሸዋል፣
ኪሱ ውስጥ የደረቀ ፕሪም፣ አንድ ስባሪ ጠመኔም ይዟል።
በዚያች ጠመኔ ነው ውጊያ የሚነድፈው፣
የመኪናዬ ኮፈን ላይ፤ የተሳሳተውን ወንዝ በክርኑ የሚያጠፋው።
ዝናብ ሲመጣ ድልድዩም መንደሩም ታጥቦ ይወርዳል፤
«እንዲህ ባዶ ሲሆን ያምራል» ይላል።

አሁን ጄኔራሉ ኮረብታው ላይ ደረሱ።
(አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አራት፤ በከፍታው ነው የሚጠራው፣ ስም የለው ለራሱ።)
«ድል» አሉት። ያን ሌሊት ሬዲዮውን የያዝኩት እኔ ነበር፣
ባትሪው በብርድ ሞቶ፣ በብብቴ ሳሞቀው፣ ሳሞቀው፣ ሳይናገር።
«ውረዱ» የሚለው ትእዛዝ አርባ ደቂቃ ዘገየ።
ዘጠኝ ልጆች። ሰባቱን አስተምሯል፤ እጅ ጽሕፈታቸውን በእርማት የለየ።
ጎህ ሲቀድ ሌላኛውም ወገን ወርዷል፤
ባዶ ኮረብታ ወጣን፣ ማረክን ተብሏል።

ሪፖርቱን በራሱ እጅ ጻፈ፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤
ሬዲዮ አመንኩ፤ አልላክሁም በእግሩ ሮጦ የሚጠራ ሰው።»
የላይኞቹ አነበቡት፣ ቀደዱት። በሳምንቱ
ሜዳልያ መጣ፣ በቀይ ሣጥን፣ ከነምስክር ወረቀቱ።

ጦርነቱ ሲቆም ሹመት ሲሰጡት አልፈለገ፤
ወደዚያው ክፍል ገባ፣ የጥቁር ሰሌዳውን አቧራ ጠረገ።
የአንዱ ልጅ እናት ሹሻኒክ፣ የትምህርት ቤቱ ቁልፍ ያዥ፣
አሥራ ስምንት ዓመት ቁልፉን በዝምታ ሰጠችው፤
ተቀበለ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አዛዥ።

ዛሬ ጠዋት ሜዳልያው ተፈለገ፣ ለቬልቬቱ ትራስ።
ሚስቱ ሣጥን ገለበጠች፣ ልጁ መሳቢያ ሲያተራምስ፣
«ምናልባት አንተ ታውቅ ይሆን?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ።
መቃብሩ አፍ ላይ ዋሸሁ፤ ደግሞም አልተሳቀቅኩ።

የመጨረሻው ዴስክ አንድ እግሩ አጥሮ ይናወጣል፤
ልጅ ካርታ ሲስልበት፣ ወንዙ ወደ ተራራ ይወጣል።
አንድ ማታ ተንበርክኮ፣ ያን ክብ ብረት ከእግሩ ሥር ሸጎጠ፤
ጫን ጫን አደረገው። «ልክ መጣ» አለኝ፤
ከዚያ ወንበሩ ላይ እንደ ተማሪ ተቀመጠ።

ይኸው ሦስት ጊዜ ተኮሱ።
ሹሻኒክ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማለች፤
ቁልፎቿ በመሐረብ ተጠቅልለው፣ ድምፅ እንዳያነሱ።

ነገ ሰኞ ነው፣ መምህር። ፈተና አለባቸው ልጆቹ።
ከኋላ የሚቀመጠውም ደብተር ላይ
ቀጥ ብለው ይወርዳሉ ወንዞቹ።